የተጋደመው ፎቅ

በሰፈራችን «ቤት አይሠራ» የሚል ሰው የለም። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። የቤት ችግር ሲነሳ ከንፈሩን የማይመጥ፣ «ወጣቱ እኮ የት ይግባ?» የማይል ጎረቤት አላውቅም። በ2005 ዓ.ም. ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሰው ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ፣ የእኛም ሰፈር ወላጆች ልጆቻቸውን በሌሊት እየቀሰቀሱ አሰልፈዋል፤ ዕጣ በወጣ ቁጥርም ዝርዝሩን ዘርግተው ስም በጣት ሲፈልጉ ይውላሉ። ቤት ይሠራ። ፎቅም ይሁን፣ ማን ጠላ? ብቻ እኛ ሰፈር ባይሆን። ከሆነም ከጂ ፕላስ 2 ባያልፍ። ካለፈም ወደ እኛ በኩል መስኮት ባያወጣ።

ወሬውን ያመጣው ወረዳው አይደለም፤ ታፔላ ነው። ገርጂ ውስጥ፣ ከእኛ መንገድ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ ቪላ አንድ ማለዳ ዙሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ታጥሮ ተገኘ። ሳይውል ሳያድር ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ፤ ጂ ፕላስ 14። ከሕንፃው ሥር ፀጉራቸው ወርቅማ የሆነ ባልና ሚስት ውሻ ይዘው ይሮጣሉ። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ሆና ቡና ትጠጣለች፤ ሲኒዋ የእኛን ሦስት ሲኒ ያህላል። ኮብልስቶናችን የለም፤ የባለሱቁ ኮንቴይነር የለም፤ የእኛ ቤቶች መኖር በነበረባቸው ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። የእድራችን ሊቀ መንበር ሻለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሉን ብዙ ካዩት በኋላ፣ «እኛን አንስተው ጨርሰዋል፤ የቀረው መንገር ነው» አሉ።

ከሁሉ ያንገበገበን ግን ሻጩ ነው። ሻጭ ማለትም ያስቸግራል፤ ቦታውን ለአልሚ ሰጥቶ በምትኩ አፓርታማዎች ሊረከብ ተዋውሏል አሉ። ከእኛው ጋር በየለቅሶው የተቀመጠ፣ ሬሳ ያወጣ ሰው! ስለ ፎቁ በተጠራው ስብሰባ ላይ ከሃዲ ተባለ። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ሁለት ጎረቤቶች ለየብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ስንት አፓርታማ ነው የሰጡት?» ሲሉ ጠየቁኝ። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ስብሰባው የተጠራው በእድር ቤታችን ነው፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በሚቀመጡበት። አንደኛ አጀንዳ፣ ፎቁ። ሁለተኛ አጀንዳ፣ ልዩ ልዩ። ልዩ ልዩው ጋ አልደረስንም።

መጀመሪያ የተነሳው ውሃ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ ሲመጣም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መርጦ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ ግቢ ሮቶውን በብረት ማማ ላይ ሰቅሎ፣ ዲናሞ አስነስቶ፣ እንቅልፉን ሸጦ ነው የሚቀዳው። «ለእኛ ያልበቃ ውሃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሊወጣ ነው?» አሉ አንድ አባት። ቀጥሎ ፍሳሽ መጣ፤ የመምጠጫ መኪናው በየስንት ጊዜው እንደሚጠራ፣ ሲጠራም ስንት እንደሚያስከፍል ዝርዝር ቀረበ። ቀጥሎ መንገዱ። ኮብልስቶኑን ያነጠፍነው በመዋጮ ነው፤ ማን እንደከፈለና ማን እስከ ዛሬ እንዳልከፈለ የሚያሳየው መዝገብ በገንዘብ ያዣችን እጅ አለ፤ ስም ሊጠራ ሲል በጭብጨባ አስቆሙት።

የፊት ለፊቷ እትዬ ያነሱት ጉዳይ ግን የራሱ ክብደት ነበረው። «ፎቁ ጥላውን የሚጥለው እኔ ላይ ነው» አሉ፤ «በርበሬዬን የት ላስጣ?»

«እትዬ፣ በርበሬ እኮ በዓመት አንዴ ነው።»

«በዓመት አንዴም ቢሆን በርበሬ ነው!»

አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ከዚህ በኋላ ማንም ስለ በርበሬ የተከራከረ የለም።

ሕግ የተማረችው የመምህሩ ልጅም ተጋብዛ ነበር። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይዛ መጥታ ቁጥር 1225ን አብራራችልን። ባለ ንብረት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን መጉዳት የለበትም፤ ጭስ፣ ጥላሸት፣ ደስ የማይል ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ካለፈ ሕጉ አይፈቅድም አለች። ጭስ ስትል ግማሹ ሰው በእንጨት ምጣድ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡትን እናት ዞሮ አየ። ጩኸት ስትል ደግሞ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሰውዬ ጫማቸውን መመልከት ጀመሩ። ልጅቷ ፎቁን ለመያዝ ያመጣችው ሕግ ገና ፎቁ ጋ ሳይደርስ እኛን ለቃቅሞ ሊጨርሰን ስለነበር፣ ሻለቃ አመስግነው አስቀመጧት።

እውነት ለመናገር ካነሳነው ሁሉ ንዝረቱ የምር ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ለባለ 14 ፎቅ የሚቆፈረው ጉድጓድ የአንድ ሰው አጥር ሥር ድረስ ከመጣ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ በየሰፈሩ ያየነው ነው። ቆፋሪው አፈሩን በምን ደግፎ እንደሚይዝ፣ ቤት ቢሰነጠቅ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጠየቅ የማንም ጎረቤት መብት ነው። ይህን ያነሳው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከበርበሬው በኋላ ስለተናገረ ሰሚ አላገኘም።

ዋናው ነገር የወጣው ከሻይ በኋላ ነው። አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና፣ «እኔ ውሃም ፍሳሽም አላውቅም፤ ከላይ ያዩናል» አሉ። ጸጥ አልን። ሁላችንም የመጣነው ለዚህ ነበራ! አጥራችን ቁመቱ ሦስት ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከስባሪው በላይ የሚዋጋ ሽቦ አለው። ግን የሠራነው ለእግረኛ ነው። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሲኒውን ይዞ ለሚቆም ሰው የእኛ አጥር መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ነው። «ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» አሉ አንድ አዛውንት፤ እሳቸው እንኳ ይህን የሚሉት በማናቸውም ስብሰባ ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ተረቱ ቦታውን አገኘ።

ለመሆኑ ያ ሰው ከላይ ሆኖ ምን ሊያይ ነው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰፈራችን ከመንገድ ሲታይ ቪላ ነው፤ በር፣ ጽጌረዳ፣ አንድ መኪና። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው። ከቪላው ኋላ በግራና በቀኝ አጥር ተጠግተው የተደረደሩ የቆርቆሮ ክፍሎች አሉ፤ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንድ ግቢ ስምንት። በፕላኑ ላይ አንዱ ማድ ቤት ነው፣ አንዱ ዕቃ ቤት ነው፣ አንዱ የዘበኛ ቤት ነው። ማድ ቤቱ ውስጥ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ይኖራሉ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሦስት የባንክ ሠራተኞች አሉ። የዘበኛ ቤቱ ለአንድ መምህር ተከራይቷል፤ ዘበኛ የለንም። ለሁሉም አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ ብዙ ደንብ፤ ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ብቻ፣ እንግዳ አያድርም፣ ካውያ በአከራይ ፈቃድ። እኔ ራሴ ከኋላ ሁለት ክፍል አለኝ፤ ደንቤ ግን እንደ ሌሎቹ አይከብድም እላለሁ። ተከራዮቼ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኳቸውም።

ይህን ሁሉ ክፍል ሰብስቦ አንዱን በአንዱ ላይ የሚቆልል ቢመጣ ከታፔላው ሕንፃ የማያንስ ፎቅ ይወጣዋል። ልዩነቱ የእኛ ፎቅ ተጋድሞ መኖሩ ነው። ሊፍት አይፈልግም፣ ፈቃድ አልወጣበትም፣ ጥላውም በማንም በርበሬ ላይ አያርፍም።

ደግሞ ይህ ልማድ አባት አለው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የቀረለት አንድ መኖሪያ ቤትና ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ነበር። ከዚያ ያለፈው ተወሰደ፤ ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ፣ የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች። ያን ጊዜ ያለፈበት ትውልድ ያለውን ቤት ሁሉ በአደባባይ እንደማይቆጥር ተምሮ ነው ያደገው። ልጆቹ ደግሞ ከእሱ ተማሩ። ሥርዓቱ ሄደ፤ ማድ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ማድ ቤት ተብሎ ይኖራል።

እናም አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። አቤቱታ የሚጽፍልን አንድ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ስለሚችልና እምቢ ስለማይል። በገንዘብ ያዣችን ግቢ ከኋላ ይኖራል። በ2005 ተመዝግቧል፤ እስከ ዛሬ ይቆጥባል። ስብሰባው ላይ የተገኘው በነዋሪነት አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብሎ አነበበ፤ «የሰፈራችን የውሃና የፍሳሽ መስመር አሁን ያለውን ነዋሪ እንኳ መሸከም ያቃተው ስለሆነ…»

«ጥሩ ነው» አሉ ሻለቃ።

«ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ነዋሪው ስንት ነው ልበል?»

«42 አባወራ በላ! የእድሩ መዝገብ አይደል?»

«በ42 አባወራ መስመሩ አቃተው ካልን ማን ያምነናል? ከኋላ ያለነውን ጨምረን ብንጽፍ… ከ200 አባወራ አናንስም።»

እንዲህ ያለ ዝምታ በእድር ቤታችን ሬሳ ሲወጣ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ትክክል ነው። ሰፈሩ ሞልቷል ለማለት መቁጠር አለብን። ከቆጠርን ደግሞ ቆጠራው ወረዳ ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ ይመዝገብ፣ ተከራይ ከሁለት ዓመት በፊት አይውጣ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ መንግሥት ባወጀው ልክ ብቻ ይሁን ይላል። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩም አለ። ፎቁን ለማስቆም የምንወረውረው ድንጋይ እያንዳንዱ በገዛ ጓሯችን የሚያርፍ ሆነ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ። ንዑስ ኮሚቴው ስንት እንደሆንን አጣርቶ ለማንም እንዳይናገር ታዘዘ።

በዚሁ ሰሞን የገንዘብ ያዣችን ልጅ ደወለች። የምትኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ነው፤ የእኛ ሰው በብዛት ካለበት አካባቢ። አባትየው ስልኩን በላውድ አድርጎ፣ «እስቲ እዚያ ፎቅ ሲመጣ ሰው ምን ያደርጋል? ንገሪያቸው» አላት። ነገረችን። በእነሱ ዘንድ ሥርዓት አለው፤ መጀመሪያ ሰዉ ይጠራል፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ደቂቃው ሲያልቅ ይቆማል። (ሻለቃ እዚህ ላይ ማስታወሻ ያዙ።) የካውንቲው ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ተከልሎ በነበረው ሰፈር እንደ ቦታው ስፋት እስከ ስድስት መኖሪያ ያለው ሕንፃ እንዲሠራ ፈቀደ። ሕንፃው ራሱ እዚያ ሊሠራ ከሚፈቀደው ትልቅ ቪላ እንዳይበልጥም ደነገገ። ሆኖም ሰው ተቆጣ፤ በየደጁ ሣር ላይ የተቃውሞ ሰሌዳ ተተከለ፤ ጎረቤቶች ተሰባስበው ከሰሱ፤ በ2024 ዳኛ ሻረው፤ ክርክሩ ወደ ይግባኝ ሄደ።

«ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ስድስት ቤተሰብ ይኖራል ተብሎ ነው አባዬ» አለች።

ገንዘብ ያዣችን ወደ ጓሮው በኩል አየት አድርጎ፣ «ስድስት ብቻ?» አላት።

የሚገርመው፣ ከእኛ በላይ የተቆጡት ከታች ያሉት የኮንዶሚኒየም ሰዎች ናቸው። የከተማዋ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሙከራውን በ1996 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ገርጂ ነው፤ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ። ያን ጊዜ ደግሞ የእኛ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ሌባ ይመጣል፣ ሰፈሩ ሰው በሰው ይሆናል፣ በጉን ደረጃ ላይ ያርዱታል ተባለ። የኮንዶሚኒየም ሳይቶቹ ለእርድና ለለቅሶ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖራቸው ሆነው መነደፋቸውን የሰማ አልነበረም። ሌባውም መጣ፤ ግን ከሌላ አቅጣጫ። አሁን መድኃኒት የምንገዛው ከእነሱ ሥር ነው፣ ልጆቻችን የሚያጠኑት ከልጆቻቸው ጋር ነው፣ ሁለት ሙሽራም ወስደናል። የዚያው ኮንዶሚኒየም ተወካይ በስብሰባችን ተገኝተው ምን አሉ? «እኛ ጂ ፕላስ 4 ነን፤ ሰው ነን። ጂ ፕላስ 14 ግን ሰፈር ያበላሻል።» ሁላችንም የሰፈርንበት መሬት ማሳው የነበረ ገበሬ በዚያ ስብሰባ ላይ ቢኖር ኖሮ ስለ ሁላችንም የሚለው አያጣም ነበር፤ አልተጠራም፤ ከነልጆቹ የት እንደገባም የሚያውቅ የለም።

ተከራዮቹን ለማስፈረምም ተሞክሯል፤ ብዛት ኃይል ነው በሚል። ፊርማ ሊያሰባስቡ የሄዱት እንደተመለሱ ያወሩት ግን ሌላ ነው። ከኋላ ያሉት ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቋቸው፤ «ፎቁ ሲያልቅ ኪራይ ይቀንስ ይሆን?» ምስኪኖች! የካሬው ዋጋ ሲነገር እኔ ራሴ ወንበር ፈልጌያለሁ። ያ አፓርታማ ለእነሱ አይደለም፤ የሚገዛው ሰው ምናልባት ተቀምጦበት አያውቅም፤ ቁልፉን ይዞ ውጭ አገር የሚኖር ይሆናል። ይህን ግን ልነግራቸው አልደፈርኩም፤ አከራዮቹም አልነገሯቸውም። የኪራይ መቀነስ ወሬ በሰማ አከራይ ልብ ውስጥ ግን የውሃውና የፍሳሹ ጉዳይ እንደገና እንዴት እንደተጋጋለ ማየት ነበር።

በመጨረሻ አቤቱታው ተጽፎ ወረዳ ደረሰ። ሻለቃ፣ ገንዘብ ያዣችንና እኔ ነን ይዘነው የገባነው። የተቀበለን ወጣት ኃላፊ ትሁት ነው፤ ተነስቶ አስቀመጠንና አነበበ። ገጽ አንድ ላይ «እኛ 42 አባወራዎች» ይላል፤ በሻለቃ ትእዛዝ። ገጽ ሁለት ላይ «ከ200 በላይ አባወራዎች በአንድ የውሃ መስመር እየተሰቃየን» ይላል፤ በልጁ ብዕር።

«ስንት ናችሁ አባቴ?» አለ ኃላፊው።

ሻለቃ በውትድርና ዘመናቸው ስንት ጦርነት አይተዋል፤ እንደዚያ ሲያልባቸው ግን አይቼ አላውቅም። ኃላፊው ራሱ ሊያግዘን ሞከረ፤ «የቀሩት ተከራዮች ናቸው ማለት ነው? በጣም ጥሩ! ከእናንተ ሰፈር የተመዘገበልን የኪራይ ውል ጥቂት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቡድን እንልክና ቤት ለቤት እንመዘግባለን። ከዚያ የውሃውን ጥያቄ በማስረጃ ወደ ላይ እናቀርባለን።»

«የታይፕ ስህተት ነው» አሉ ሻለቃ።

ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣት አንስተው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ኃላፊው እስከ በር ሸኘን።

አሁን ፎቁ ስድስተኛው ላይ ደርሷል። ማሽኑ ያጓራል፣ ባሕር ዛፉ ተደርድሯል። የእድሩ ስብሰባ ግን ቀጥሏል፤ አጀንዳው ብቻ ነው የተለወጠው። ገንዘብ ያዣችን ወረቀትና ብዕር ይዞ ተነሳ። አሥራ አራት ፎቅ፣ በየፎቁ አራት ቤት፣ 56 አባወራ። አዲስ አባል የሚከፍለው መግቢያ 15,000 ብር። «840,000 ብር ነው» ብሎ ተቀመጠ። ድንኳናችን ክረምት ከውጭ ይልቅ በውስጡ የሚያዘንብ ነው፤ ወንበሮቻችንም ግማሹ ተደግፈው ነው የሚቆሙት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል አስረዱ።

አከራካሪ ሆኖ የቀረው አሥራ አንደኛ ፎቅ ያለ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ነው። መኪና ማቆሚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ ለቅሶ ከመሬት በታች አይሆንም ተባለ። መንገዱ ላይ ይሁን፤ ኮብልስቶኑ የእኛ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ እጁን አወጣ።

«ሻለቃ፣ የአፓርታማው ሰው ቤቱን ቢያከራየውስ፣ ተከራዩ እድር ይገባል?»

«ደንቡን ታውቀዋለህ ልጄ። ተከራይ ቋሚ አይደለም፣ አይገባም።»

ልጁ በዚያች ክፍል ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ጻፈው። ቀጥሎም ለአልሚው የሚላክ ደብዳቤ እንዲያረቅ ታዘዘ፤ የሕንፃው ጣሪያ እንዳለቀ ለሰፈሩ እናቶች በርበሬ ማስጫ እንዲፈቀድ፣ ሊፍቱም ማዳበሪያ ለያዘ ሰው እንዳይከለከል የሚል።